የሮባ የጨው ተራራ

የካቲት 4 ቀን 1972 ዓ.ም.፣ ማክሰኞ፣ ከሥራ መልስ

ዛሬም ያው። ጧት የቁስል ማጠቢያ ትሪዬን ይዤ የሕሙማን ክፍላችንን፣ ዋርዱን፣ ከአልጋ 1 ጀመርኩ። ቁስል የሚሸፈንበት ጎዝ አለ። ታጥቦ የደረቀ ፋሻ አለ። ማጠቢያው ሳላይን አለ። የሕመም ማስታገሻዋ መርፌ፣ ፔቲዲን፣ ግን ቁልፍ ውስጥ ናት። ለኦፕራሲዮን ክፍል ብቻ፤ ከተረፈች ለዋርድ። ከተረፈች!

የተረፈችዋን ማን ይወስዳታል? የጮኸ። የዋርዳችን ሕግ ይኸው ነው። የትም አልተጻፈም፣ ሁሉም ያውቀዋል። አልጋ 3 ላይ ደጀኔ የሚባል የሞጆ የከባድ መኪና ሹፌር ተኝቷል፣ ቡአ ኦፕራሲዮን የሆነ። ገና ፋሻውን በዓይኔ ሳየው ኡኡ ይላል። እናቱን ይጠራል፣ ገብርኤልን ይጠራል፣ የሞጆን ሕዝብ በሙሉ ይጠራል። ተወጋ። አልጋ 7 ሮባ ነው። ሮባ አይጮህም። ስለዚህ አይወጋም። ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባም ይባላል፤ እኛ ዘንድ መርፌም አይገባ።

ስለ ሮባ አልነገርኩሽም መሰለኝ፣ አንቺ ደብተር። ከረዩ ነው፣ ከመተሐራ። ግመል ያረባል። ከግመሎቹ አንዷ ሐዲድ ላይ ቆማ አልንቀሳቀስ አለች። የዕቃ ባቡር መጣ። ሮባ እሷን ገፍትሮ አዳናት፤ የሱን እግር ባቡሩ አገኘው። አጥንቱ በደህና ገጥሟል። ከጉልበቱ በታች ያለው ቆዳ ግን ተገፎ ቀርቷል። ዶ/ር ታደለ ከጭኑ ልጦ ለጠፈለት። የመጀመሪያው ልጣፍ አልያዘም። ያሁኑ ሁለተኛው ነው። በየቀኑ ፋሻው ተፈትቶ መታጠብ አለበት፤ ጣሩ እዚያ ላይ ነው። ስነካው አያቃስትም። ዓይኑን ጣሪያው ላይ ይተክልና እግሩን እንደ ግንድ ያደርቀዋል። ሥጋው ከውስጥ ይንቀጠቀጣል፣ አዲሱ ቆዳ ከሥሩ ይንሸራተታል። ዛሬ ደም አየሁ።

ከረዩ ወንድ በሰው ፊት አመመኝ አይልም። ካለ እስከ ልጅ ልጁ ይዘፈንበታል። ይህን የነገረኝ ጋሽ ዲንሳ ነው፣ ሽማግሌው ድሬሰራችን፣ ቁስል አጣቢው፣ እግሩን ይዞ የሚያግዘኝ። እኛ ደግሞ የሰውየውን ኩራት አይተን ምንም አላመመውም ብለን እናልፈዋለን። ዕውቀታችን ይህን ያህል ነው!

ዶ/ር ታደለ ቁርጡን ነገረኝ። ይኼኛው ካልያዘ ሌላ አይለጥፍም፤ ከጉልበት በላይ ይቆርጣል። ለሮባ በናዝሬት ኦሮምኛዬ አስረዳሁት። አንድ ነገር ብቻ ተናገረ። አንድ እግር ያለው ሰው ከግመል ኋላ አይሄድም አለ። ከመቆረጡ በፊት ተነሥቶ ወደ አገሩ ሊሄድ ነው። ቁስሉን ይዞ! በዚያ አቧራ! ትል ይበላዋል።

አይሄድም። አይቆረጥምም። እንዴት እንደሆነ አላውቅም። ግን ጻፍኩት።


የካቲት 6፣ ሐሙስ

ስሚ። አንድ ነገር አግኝቻለሁ።

አልጋ 11 ላይ ትርፍ አንጀቷ የወጣላት ትንሽ ልጅ አለች። ስፌቷን መፍታት ነበረብኝ፤ መቀስ ባየች ቁጥር ግድግዳ ትወጣለች። ከቤት ያንን መነጽር ይዤላት ሄድኩ። ታስታውሺያለሽ፣ የግሪኩ ባለሱቅ ሚስት ስኳር ስለነበረባት መርፌ የምወጋት እኔ ነበርኩ፤ ሱቁ ተወርሶ ጓዛቸውን ጠቅልለው ሲሄዱ ለእህቴ ለአልማዝ ልጆች ብላ የሰጠችኝ። ቀይ ፕላስቲክ። ሁለት ዓይን አለው። ሥዕል ያለበት ክብ ካርቶን ይገባበታል፣ ወደ ብርሃን አዙረሽ ታይበታለሽ፣ በጎኑ ያለችውን ቁልፍ ስትጫኚ ሥዕሉ ይቀየራል። ሥዕሉ ደግሞ ተራ ፎቶግራፍ አይደለም። የቅርቡ ቅርብ ነው፣ የሩቁ ሩቅ ነው። ሰው እጁን ይዘረጋል። እኔ ራሴ ዘርግቼ አውቃለሁ።

ልጅቷ የባሕር ዓሣውን ስታይ ስፌቱን ፈታሁ። በሙሉ። ጨረስኩ ስላት ምኑን አለችኝ።

ምኑን! ቁጭ ብዬ አሰብኩ። ሥጋው ያው ሥጋ ነው፣ ክሩም ያው ክር። ሕመሙ የትም አልሄደም። የሄደችው ልጅቷ ናት። ጥሩ ትምህርት ቤት ተምሬያለሁ፣ ይህን የነገረኝ የለም።

ነገ አልጋ 7።


የካቲት 7፣ ዓርብ

መጀመሪያ እምቢ አለ። አልፈርድበትም። ሠላሳ ዓመት ያለፈው ባለ ጎራዴ ፂም፣ የልጅ መጫወቻ ይዞ፣ ያ ሁሉ ወንድ እያየው! ዘዴ ፈጠርኩ። የተበላሸ ይመስለኛል፣ ዓይኔ ደክሟል፣ ሥዕሉ ይታያል ወይስ አይታይም ብቻ ንገረኝ አልኩት። ሰውን ለመርዳት ሲሆን እምቢ አይልም። ያዘው።

ዓሣውን አየና ዓሣ አይበላም፣ ምን ይሠራለታል አለኝ። ፋሻውን እየፈታሁ ካርቶኑን ለወጥኩለት። የበረዶ ተራራ ነው፣ የፈረንጅ አገር፣ ከታች እስከ ላይ ነጭ። ሮባ ትንፋሹን ዋጠ። ከዚያ ጮኸ። አዎ፣ ሮባ! "ሶጊዳ!" አለ።

ጨው! ጨው ነው ያለው። ጋሽ ዲንሳ እግሩን ይዞ ቀና ብሎ አየኝ፣ እኔም አየሁት። ሮባ በጥያቄ አጣደፈኝ። የማን ነው ጨው? ባለቤት አለው? ስንት ቀን ያስኬዳል? ግመል ይወጣዋል? እኔ ጎዙን ከቁስሉ ላይ እያላቀቅሁ ነበር፣ ከሁሉ የከፋው ቦታ ላይ፣ ሌላ ቀን እግሩ ድንጋይ የሚሆንበት። ዛሬ እግሩ በጋሽ ዲንሳ እጅ ላይ እንደ ተኛ ሕፃን ለስልሷል። ታዲያ ምን ልበል? ጨው አይደለም ልበል? ከጅቡቲ ማዶ ነው አልኩት።

ዋሸሁ። በጾም። ሁዳዴ ከገባ ገና አምስተኛ ቀኑ ነው። እግዜር ይየኝ፤ የሮባንም እግር ይይ።


የካቲት 10፣ ሰኞ

ሦስት ቀን ደም የለም። ጠርዙ ቀላ ብሏል፣ ደህናው ዓይነት ቅላት። ዶ/ር ታደለ ምን አድርገሽው ነው አለኝ። መነጽሩን ሰጠሁት። ሳቀ። ከዚያ ራሱ ወደ መስኮቱ ዞሮ ሲያይ ቆየ። ሰው ይጠብቀዋል ብዬ ነጠቅሁት።

ዋርዱ በሙሉ ፈልጓል። "የሲስተር ሲኒማ" ብለውታል። ደጀኔ ፋሻው በሚፈታበት ሰዓት የአበባ ቦታውን ሥዕል ይመርጣል፣ ኡኡታው በግማሽ ቀንሷል። ግማሹን ለክብሩ ያስቀረው ይመስለኛል። አንድ ተኝቶ የሚታከም ሚሊሺያ ባሕሩን አይቶ አለቀሰ፤ ምን እንዳስታወሰው አልጠየቅሁም። ሁሉም ያው ካርቶን ያያሉ፣ ሁሉም የየራሱን ያያል።

ሮባ ግን ያው ጨው። ዛሬ ደግሞ ጥያቄው በዛ። በመንገድ ላይ ውሃ አለ? ቀረጥ ይጠየቃል? ጠላት አለ? ውሃ አለ፣ ቀረጥ የለም፣ ጠላት የለም አልኩት። ውሸት ብቻውን አይኖርም፣ ዘመድ ይጠራል። በልቡ መንገዱን እያቀና ነው። ከግመሎቹ የትኛዋ ትቀድማለች፣ ማን ከኋላ ይነዳል፣ በደረቁ ወር ለስንት ቤት ጨው ይዳረሳል። እየተናገረ እኔ አጥባለሁ። አንዳንዴ እኔም ከኋላው እየነዳሁ እገኛለሁ።

ልቤ አልተመቸውም። ለማንኛውም ቁስሉ ይሻላል።


የካቲት 13፣ ሐሙስ

የሮባ ሽማግሌዎች መጡ። በባቡር። ሦስት ናቸው፣ በትር የያዙ፣ የግመል ወተት ጥብቅ ብሎ በተሰፋ ዕቃ ይዘው። አቀረቡልኝ፤ ጾም ነው አልኳቸው፤ ለወተትም ጾም አለ እንዴ ብለው አዘኑልኝ። ትልቁ ኦቦ ፈንታሌ ይባላሉ። እግሩን አዩ፣ በጣታቸው ሳይነኩ በላዩ አለፉበት፣ መረቁኝ። ከልብ የሆነ ምርቃት። ደስ አለኝ፣ ሳልደብቅ ደስ አለኝ።

ከዚያ ሮባ መነጽሩን አስመጣ። በተራ አዩ። አንደኛው ተራራውን ሊነካ እጁን ሲሰድ የደጀኔን አፍንጫ መታው። ሳቅን። ደጀኔ ኡኡ አለ። እነሱ ግን አልሳቁም። በዝግታ ይነጋገሩ ነበር።

መጠርጠር ነበረብኝ።


የካቲት 14፣ ዓርብ፣ 10 ሰዓት ከቀኑ

ብዕሬ ወረቀትሽን ቀደደው። ከንዴት ነው፣ ከፍርሃት አይደለም። ይሁን፣ ከፍርሃትም ነው።

ሽማግሌዎቹ ጧት ዋርድ አልመጡም። ቀጥታ አስተዳደር ቢሮ ሄዱ። መንግሥት የጨው ተራራ እንዳለው አውቀናል፤ አንከለክልም፣ አንሰርቅም፤ መንገዱን ያሳየንና በሰላም እንጫን አሉ። በሥርዓት፣ በትራቸውን ተደግፈው። ጓድ ፍሥሐ ወጣ። የሆስፒታሉ የፖለቲካ ኃላፊያችን ነው፣ ባለ ካኪ፣ ደረት ኪሱ ላይ ሁለት እስክሪብቶ። እንዲህ ያለ ተራራ የለም አላቸው። እነሱ በዓይናችን አይተናል አሉት። የካድሬ ትምህርት ቤት ለዚህ መልስ አያስተምርም። ማን አሳያችሁ? ሲስተር።

ዋርድ ገባ። በሽተኛ ፊት። መነጽሩን ከነካርቶኖቹ፣ ወላጆቿ ገና ካልወሰዷት ከአልጋ 11ዋ ልጅ እጅ ወሰደ። ካርቶኑ ላይ ያለውን የእንግሊዝኛ ጽሑፍ ጮክ ብሎ አነበበ፣ ማስረጃ መሆኑ ነው። የኢምፔሪያሊዝም የባህል ወረራ አለ። ሰፊውን ሕዝብ ማወናበድ አለ። እኛ መሠረተ ትምህርት ብለን ሌሊት ተቀን ስንለፋ አንቺ በረዶ ጨው ነው ትያለሽ አለ። ይቺ የመጨረሻዋ እውነት ስለሆነች አመመችኝ። መነጽሩ ቢሮው ቁም ሣጥን ውስጥ ተቆለፈበት። እኔ ለሐሙስ ስብሰባ ተጠራሁ፣ ሂስና ግለ ሂስ። ሠራተኛው ፊት ቆሜ ጥፋቴን ልዘረዝር።

በር ላይ ካለው ግራር ሥር ሄድኩና ለኦቦ ፈንታሌ እውነቱን ነገርኳቸው። ጨው አይደለም፣ ዋሽቻለሁ፣ እግሩ እንዲላላልኝ ብዬ ነው። አልተቆጡም። ያ እንደሆነ ለሮባ ራስሽ ንገሪው ብቻ አሉኝ።

ነገርኩት። ጨው ካልሆነ ምንድን ነው? ውሃ ነው አልኩት። ብርድ የመታው ውሃ፣ እንደ ድንጋይ የጠነከረ፣ ተራራ ላይ የተቀመጠ። ከዚያ ሳቀ! ውሃ ድንጋይ ሆኖ ተራራ ላይ ተቀመጠ? የፊተኛው ውሸትሽ ይሻላል አለኝ።

ስቆ ሲጨርስ ፊቱ ተለወጠ። እኛ ዘንድ ጥጃ የሞተባት ላም ስትኖር ቆዳውን በገለባ እንሞላና እፊቷ እናቆምላታለን፤ እሱን እየላሰች ትታለባለች፤ አንቺ እኔን እንደዚያች ላም አለብሽኝ አለ። አንገቴን ደፋሁ። ላሟን አሞኘናት ትላላችሁ ማለት ነው አልኩት፣ እንዲሁ ለመናገር ያህል። ሮባ ራሱን ነቀነቀ። "ላም ሞኝ አይደለችም። ጡቷ ሞልቶ ስለሚያማት ነው።"

ቀጥሎ ጥጃዬን ማን ወሰደው አለኝ።


የካቲት 17፣ ሰኞ

ቅዳሜ ያለ መነጽር። እሑድ ያለ መነጽር። ዛሬም። እግሩ ተመልሶ ግንድ ሆነ። ያለ ሥዕል ስለ ተራራው አውራኝ አልኩት፤ ሞከረ፣ ሁለት ቃል ተናግሮ ጥርሱን ገጠመ። የሌለ መንገድ አይወራም መሰለኝ። ዛሬ በታችኛው ጠርዝ ደም። ዶ/ር ታደለ ሐሙስ ገልጬ እወስናለሁ አለ። መወሰን ማለት ምን እንደሆነ እናውቃለን።

ፔቲዲን ጠየቅሁ። ፋርማሲስቱ ለማን ነው አለ። አልጋ 7። እሱ መቼ ጮኸ? ወረቀቴን መለሰልኝ። ጮኼ ልሰድበው ነበር። ሰደብኩትም።

ጓድ ፍሥሐ ዘንድ ሄድኩ። ለስብሰባው ማስረጃ ስለሆነ እስከ ሐሙስ አይወጣም አለ። ሐሙስ እኮ እግር ይቆረጣል! ማስረጃ ነው አለ። ለመነጽር ማስረጃ፣ ለእግር ምን?

ዋርድ ተመልሼ የደጀኔን ፋሻ ስፈታ ንዴቴን በሱ ተወጣሁ። አንተ ጩኸትህ ተርፎህ የሌላውን መድኃኒት ትወስዳለህ፣ ያ ሰውዬ ደግሞ ጩኸት አጥቶ እግሩ ይቆረጣል አልኩት። ነውር ነው፣ በሽተኛ እንዲህ አይባልም። ደጀኔ ዝም አለ። ለመጀመሪያ ጊዜ ዝም ሲል አየሁት። ከዚያ ምን ቢለኝ ጥሩ ነው? "ሲስተር፣ እኔ ልጩህለት?"

ሳቅሁ። አሁን ግን፣ ስጽፈው፣ አልሳቅሁም።


የካቲት 18፣ ማክሰኞ

አንቺ ደብተር፣ ዛሬ ናዝሬት ሰማችን።

ጧት 3 ሰዓት የጓድ ፍሥሐ የውይይት ክበብ በግቢው ማዶ ባለው ቢሮ ይሰበሰባል። መስኮቱ ከዋርዳችን መስኮት ጋር ፊት ለፊት ነው። የሮባን ተራ እዚያ ሰዓት ላይ አደረግሁት። ደጀኔን ትናንት ያልከውን አድርግልን አልኩትና መስኮቶቹን በሙሉ ከፈትኩ። ለነፋስ።

ጋሽ ዲንሳ እግሩን ያዘ። የመጀመሪያውን ጎዝ ላላ ሳደርግ ደጀኔ ትራሱን ስፌቱ ላይ አጥብቆ ይዞ ጀመረ። "ኡኡ! ሰው ያለህ! የወገን ያለህ! እግሬን! እግሬን!" ቡአ ኦፕራሲዮን የሆነ ሰው እግሬን ይላል። ሚሊሺያው ቀጠለ። አልጋ 5 ያሉት የሽንት ኦፕራሲዮን የሆኑ አዛውንት እንኳ ቀና ብለው በድውይ ድምፃቸው ኡኡ አሉ። ልጅቷ በደስታ ጮኸች። ከዚያ እኔ። መቆንጠጫ በእጄ፣ ማስክ ባፌ፣ እኔም ኡኡ አልኩ። ስንት ዓመት ዝም ብዬ የዋጥኩት አብሮ ወጣ። ባለፉት ዓመታት ከየቤቱ ተጠርቶ ያልተመለሰው ወጣት ሁሉ እናቱ ጮኻ አላለቀሰችለትም፤ ለዚያም ጭምር ጮኽኩ መሰለኝ።

አገራችን ኡኡታ ሲሰማ ተቀምጦ የሚቀር የለም። ተመላላሽ በሽተኛ ሰልፉን ትቶ መጣ። ዘበኛው መጣ። ከግቢ ውጭ ጋሪ ነጂዎቹ መጡ። በሩ ሞላ። ማን ሞተ? ማን ሞተ?

ሮባ? ሮባ አፉን ከፍቶ ያያቸዋል። ከደጀኔ ወደ አዛውንቱ፣ ከአዛውንቱ ወደ እኔ። እንደዚህ ያለ ነገር በዕድሜው አላየም። እግሩ ላልቷል! ግማሹን ቁስል አጥቤ የጨረስኩት የሰው ጩኸት ሲመለከት ነው።

ጓድ ፍሥሐ ሰዉን እየገፋ ገባ። ሁከት ነው፣ ፀረ አብዮት ነው እያለ። ኡኡታው ተቋረጠ። ያኔ የከፋው ቦታ ላይ ደርሼ ነበር። ዶ/ር ታደለ ከኋላው መጥቶ ኖሯል፣ እሱም ጩኸቱ ጠርቶት። ጓንት አውጥቶ ለጓድ ፍሥሐ ሰጠው። ጋሽ ዲንሳ ደክሞታል፣ ተረከዙን ያዝልን አለው። ያ ሁሉ ሰው እያየው እምቢ ማለት አልቻለም። ያዘ።

ጎዙን አነሣሁ። ሮባ ዓይኑን ጣሪያው ላይ ተከለ። ድምፅ የለም። ጓድ ፍሥሐ ግን ተረከዙን ይዟል፤ በእጁ ውስጥ ያለው ነገር ይነግረዋል። ሥጋው እንዴት እንደሚንቀጠቀጥ። ላቡ እንዴት እንደሚቀዘቅዝ። የካድሬው ፊት አመድ መሰለ። እስክጨርስ አልለቀቀም፣ ለዚህ አመሰግነዋለሁ። ሲወጣ በሩን ስቶ የመድኃኒት ጋሪውን ገፋ።

ደጀኔ አንዲት ስፌት ተበጥሳበታለች። እንደገና ሰፋሁለት። አልጮኸም። ድምፁ አልቋል።


የካቲት 19፣ ረቡዕ

ጓድ ፍሥሐ ራሱ መጣ። በጋዜጣ የተጠቀለለ ነገር ጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጠ። ፈታሁት፣ መነጽሩ። ውስጡ የነበረው ካርቶን ተራራው ነበር፤ አሁን ዓሣው ገብቷል። አይቶበታል!

ቁጭ አለ። በዝግታ አወራኝ፣ ያለ መፈክር፣ እንደ ሰው። ሰውየው ምንም አይልም እንዴ፣ ሁልጊዜ እንዲህ ነው እንዴ አለ። ሁልጊዜ አልኩት። ስብሰባውን መሰረዝ አይቻልም አለ፤ ወደ ላይ ሪፖርት ተደርጓል፣ ትናንትናም ኡኡታው ተጨምሮበታል። ግን በጥቂት ቃል ያልቃል። ተነሥተሽ ሰፊውን ሕዝብ አወናብጃለሁ፣ ተሳስቻለሁ፣ አይደገምም በይ፤ እኔ ተቀብያለሁ እላለሁ፤ ይዘጋል። አለዚያ ከሥራ ያግዱሻል፣ ከዚያ በላይም ከመጣ እኔ አላስቆመውም። ለሁለታችንም አስቢ አለ። ክፋት አልነበረበትም። ፈርቷል። የሚፈራ ሰው ሳይ አንጀቴ ይራራል፣ ይኼ ነው በሽታዬ።

አልማዝ እግሬ ላይ ልትወድቅ ምንም አልቀራት። ሆድ ይፍጀው በይ፣ ሦስት ቃል ምን አላት፣ ምላስሽ ልጆቼን ሳይቀር ያስፈጃል አለችኝ። እውነቷን ነው። ቤቱ በእኔ ደመወዝ ነው የሚቆመው። እሺ አልኳት። አልቅሳ ተኛች።

እሺ ብያለሁ እንግዲህ። ይሁን። ሦስት ቃል ናት። አወናብጃለሁ። ተሳስቻለሁ። አይደገምም። ጮክ ብዬ ተለማመድኩት። የመጨረሻዋ ቃል ላይ ስደርስ ቆምኩ። አይደገምም? ነገ አልጋ 7 ላይ ማን ይተኛል? ሌላ የማይጮህ ሰው ይተኛል። ያኔስ?


የካቲት 20፣ ሐሙስ፣ 8 ሰዓት ተኩል ከቀኑ

ጧት ዶ/ር ታደለ ገለጠ። ሮባ መነጽሩን ይዞ ነበር። ተራራውን አይደለም የመረጠው፣ አበባውን። ተራራው ላይ አላመነኝም፣ ውሃ ነው ባልኩት ጊዜ ጠልቶታል።

ይዟል! ልጣፉ ይዟል! በታች በኩል አውራ ጣት የምታህል ቦታ ቀርታለች፣ እሷ ራሷ ትድናለች አለ። እግሩ ተረፈ። ለሮባ ነገርኩት። ወደ ግድግዳው ዞረና ትከሻው ተንቀጠቀጠ። ጋሽ ዲንሳ ሰው እንዳያየው መጋረጃውን ሳበለት። እኔ መጸዳጃ ቤት ገብቼ አለቀስኩ፣ ጮክ ብዬ፣ እኔ ከረዩ አይደለሁም።

ሰውየውን ይቅርታ ጠይቄዋለሁ። ስለ ጨው ዋሽቼሃለሁ አልኩት። ለታመመ ይዋሻል፣ ሲሻለው እውነቱ ይነገረዋል፣ አንቺ ነግረሽኛል አለኝ። ያ ሒሳብ በእኔና በሱ መካከል ተዘግቷል። ሌላ ማንም ሊከፍተው አይችልም።

አሁን 8 ሰዓት ተኩል። ስብሰባው 9 ሰዓት። አዳራሹ ውስጥ ወንበር ሲደረደር ይሰማኛል። ነጭ ልብሴን ቀይሬያለሁ። የለበስኩት የታጠበውን ነው። አልማዝ፣ እሺ ያልኩሽ ስለምወድሽ ነበር። ይቅርታ አድርጊልኝ። አልቻልኩም። በልቤ ስለማመደው በዋርዱ ያሉት ዝም ያሉ ሰዎች ሁሉ ዓይናቸውን ጣሪያው ላይ ተክለው ይታዩኛል። እኔ ተሳስቻለሁ ካልኩ ትክክሉ ምን ሊሆን ነው? ለጮኸ መርፌ፣ ለዝምተኛ ቢላዋ?

የምናገረውን ጨርሻለሁ። ማን መድኃኒት እንደሚያገኝ፣ ማን እንደማያገኝ እናገራለሁ። የዋርዱ መድኃኒት በቁስል እንጂ በጩኸት እንዳይታደል እጠይቃለሁ። መነጽሩ በዋርዱ ንብረትነት እንዲመዘገብ፣ የሚቀመጥበት ቁም ሣጥን ቁልፍም እኔ ዘንድ እንዲሆን እጠይቃለሁ። ጓድ ፍሥሐ ተረከዙን ይዞ ምን እንደተሰማው እዚያው ተነሥቶ እንዲመሰክር እጠይቀዋለሁ። ይመሰክር እንደሆነ አላውቅም። ይፈራ ይሆናል። እኔም ፈርቻለሁ።

ስሜ ተጠራ። ቆሜ የምለው መጀመሪያ ይህን ነው፦ ግለ ሂስ የለኝም። ሂስ ግን አለኝ።